የክቱን ሰዓት የዘወትር ስለ ማድረግ

የከበረ ዕቃ ሁሉ በባለቤቱ እጅ ከሁለት አንዱ ዕድል ይደርሰዋል። አንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፥ በሣጥን ተቈልፎ፥ ለሠርግና ለበዓል ካልሆነ በቀር ብርሃን ሳያይ መኖር ነው፤ ይህንን የክት እንለዋለን። ሁለተኛው ከባለቤቱ ጋራ ማለዳ እየወጣ ማታ እየገባ ማገልገል ነው፤ ይህንም የዘወትር እንለዋለን። ነገሩ ስለ ልብስ ሲሆን ፍርዱ ቀላል ነው፤ የክት ነጠላ በየቀኑ ቢለበስ ፈጥኖ ያልቃልና መቈጠብ ይገባል። ስለ ሰዓት ሲሆን ግን ፍርዱ ይከብዳል። ሰዓት የተሠራው እንዲሄድ ነውና፥ ቆሞ የሚኖር ሰዓት ምንም ቢያምር ጌጥ እንጂ ሰዓት ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ከሃምሳና ከስድሳ ዓመት በፊት የተሠራ የከበረ የእጅ ሰዓት ገዝቶ ለሥራ ቀን ማሰር ይገባልን፥ ወይስ አይገባም የሚለውን ጥያቄ፥ አስቤበትና አድርጌው ያየሁትን ያህል ለክቡራን አንባብያን ለመግለጥ አሰብሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የጥንት አባቶቻችን ሰዓት በክንዳቸው አላሰሩም፤ ነገር ግን ጊዜን መስፈር ያውቁ ነበር። ካህናቱ የሰውን ጥላ በጫማ እየለኩ የቅዳሴውን ጊዜ ይወስኑ ነበር፤ ሌሊቱንም በዶሮ ጩኸትና በከዋክብት አካሄድ ይከፍሉት ነበር። በአውሮፓም ቢሆን የእጅ ሰዓት የወንድ ዕቃ የሆነው በቅርብ ዘመን ነው። ከ1914 እስከ 1918 ከተደረገው ታላቅ ጦርነት አስቀድሞ አብዛኞቹ ወንዶች የሚይዙት በሰንሰለት የታሰረ የኪስ ሰዓት ነበርና፥ በክንድ የሚታሰረው የሴቶች ጌጥ ተብሎ ይቈጠር ነበር። በምሽግ ውስጥ ያለ መኰንን ግን በአንድ እጁ መሣሪያ ይዞ በሌላው ከኪሱ ሰዓት ለማውጣት ስላልተመቸው፥ ሰዓቱን በጠፍር ከክንዱ ላይ አሰረው። ከጦርነቱም በኋላ ልማዱ ለሁሉ ደረሰ።

ዳሩ ግን የዚያን ዘመን የእጅ ሰዓት ለዘወትር ሥራ ገና ደካማ ነበር። ዝናብ ይገባበታል፤ ትቢያም ይገባበታል፤ ቢወድቅ ቀጭኑ የመንኰራኵሩ ዘንግ ይሰበራል፤ ሳይሞሉት ቢያድር ይቆማል። እነዚህን ደዌዎች ያዳኑት ሦስት ሥራዎች ናቸው። በ1926 ሮሌክስ የተባለው ቤት ጀርባውና መሙያው በብሎን የሚጠብቅ፥ ውሃ የማያስገባ ቀፎ አወጣ። በ1931 ደግሞ ይኸው ቤት ክንድ ሲንቀሳቀስ በውስጡ እየዞረ ሞላውን የሚያጠብቅ፥ ሰዓቱ ራሱን እንዲሞላ የሚያደርግ ክብደት ሠራ። በ1934ም ኢንካብሎክ የተባለው ትንሽ መሣሪያ ወጣ፤ እርሱም ሰዓቱ ሲመታ ዘንጉ እንዳይሰበር ድንጋዩን በሞላ ላይ ያስቀምጠዋል። እነዚህ ሦስቱ በብዙ ቤቶች ሥራ ላይ ተባብረው የተገኙት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እንግዲህ ለዘወትር የሚሆን አሮጌ ሰዓት የሚፈልግ ሰው፥ ከ1950 በኋላ ከተሠሩት መካከል ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ከዚያ የሚቀድሙት ለክት የሚገቡ ናቸውና።

ሁለተኛ ሊታወቅ የሚገባው፥ አሮጌው ሰዓት ከአዲሱ ይልቅ ስለ ምን እንደ ረከሰ ነው። በ1969 ዴሴምበር 25 ቀን ሴይኮ የተባለው የጃፓን ቤት በኳርትዝ ድንጋይና በባትሪ የሚሠራውን የመጀመሪያውን የእጅ ሰዓት በቶኪዮ ለሽያጭ አቀረበ። ዛሬ በብዛት የሚሠራው የዚህ ዓይነት ሰዓት ድንጋዩ በአንዲት ሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ስለዚህ በመንኰራኵር የሚሄደው ሰዓት በትክክለኛነት ሊደርስበት አልቻለም። በስዊስ አገር በ1970 ወደ 90,000 ይጠጋ የነበረው የሰዓት ሠራተኞች ቍጥር ከ1980 በኋላ ባሉት ዓመታት ወደ 30,000 ወረደ። ብዙ ቤቶች ተዘጉ፤ ሕዝቡም የአባቱን ሰዓት ከክንዱ ፈትቶ በመሳቢያ አኖረው። በኋላ ጊዜ የቀድሞው ጥበብ እንደ ገና ተወደደ፤ ታላላቆቹም ቤቶች አዲሱን ሰዓታቸውን እጅግ በተወደደ ዋጋ ይሸጡ ጀመር። ከ1950 እስከ 1970 የተሠራው ግን ቍጥሩ ብዙ ስለ ሆነ፥ ዝነኛ ከሆኑት ጥቂቶች በቀር፥ ከዚያው ቤት ከሚወጣው አዲስ ሰዓት በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ሥራው ግን ያነሰ አይደለም።

ከዚህ በኋላ አንባቢ፦ «ትክክለኛነቱ የሚያንስ ከሆነ ስለ ምን ይገዛል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው። ለትክክለኛነት ብቻ የሚፈልግ ሰው አሮጌ ሰዓት አይግዛ፤ በገበያ በጥቂት ብር የሚሸጠው የባትሪ ሰዓት ይበልጥለታል፤ በኪሱ የያዘው ስልክም ከሁሉ ይበልጥለታል። የመንኰራኵር ሰዓት የሚገዛው ስለ ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፥ ቢበላሽ ሊበጅ ይችላል፤ አካሉ ሁሉ በሰው እጅ ተፈትቶ ሊገጠም የሚችል ነውና። ሁለተኛ፥ የሚቀጥለው ሰው ሊወርሰው ይችላል። ሦስተኛ፥ የሚያንሰው ትክክለኛነት ከምንገምተው ይልቅ ጥቂት ነው። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ አለው፤ በቀን 20 ሰከንድ የሚስት ሰዓት ስሕተቱ ከ4,320 እጅ አንድ እጅ ብቻ ነው። ከእኛ መካከል ቃሉን ከ4,320 ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚስት ሰው ቢገኝ ቅዱስ ብለን በጠራነው ነበር።

እኔ የፈለግሁት ኦሜጋ የተባለውን ቤት ሥራ ነበር። ይህ ቤት በ1848 ላ ሾ ደ ፎን በተባለች የስዊስ ከተማ ሉዊ ብራንት በሚባል ሰው የተመሠረተ ነው። በ1952 ኮንስቴሌሽን የሚባለውን፥ ትርጓሜው የከዋክብት ኅብረት የሆነውን የእጅ ሰዓት አወጣ፤ በብዙዎቹም ጀርባ ላይ የከዋክብት መመልከቻ ቤት ከስምንት ከዋክብት ጋራ ተቀርጾ ይታያል። ከዚህም ዘር መካከል 551 የሚል ቍጥር ያለውን መኪና የያዘውን መረጥሁ። ይህ መኪና ራሱን የሚሞላ ነው፤ መንኰራኵሮቹ በ24 የሩቢ ድንጋዮች ላይ ያርፋሉ፤ በአንድ ሰዓትም 19,800 ጊዜ፥ በአንድ ቀንና ሌሊት 475,200 ጊዜ ይመታል። ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ ይህን ያህል የሚደክም ትንሽ መኪና ዘይቱ ሲደርቅ ቢታመም ምን ያስደንቃል?

ቀን የሚያሳይ መስኮት ያለውን ትቼ የሌለውን የመረጥሁት በምክንያት ነው። የፈረንጅ ሰዓት ቀን ቈጣሪው እስከ 31 ይሄዳል፤ የእኛ ወር ግን በ30 ይፈጸማል፤ ጳጉሜን ደግሞ አምስት ናት፥ በዘመነ ሉቃስ ማለቂያም ስድስት ትሆናለች። በእኛ ቀን ያስኬድሁት እንደ ሆነ በየወሩ መጨረሻ ማረም ግድ ነው፤ በፈረንጅ ያስኬድሁት እንደ ሆነ በቢሮዬ የምጽፈውን ቀን ያሳስተኛል። ሰዓቱን በተመለከተ ግን ክርክር የለም። የፈረንጁ 7 ለእኛ 1 ነው፤ የፈረንጁም 9 ለእኛ 3 ነው፤ ስለዚህ ከሰዓት ቈጣሪው ትይዩ ያለውን ቍጥር የሚያነብ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱን አቈጣጠር ያገኛል።

የወርቅ ያይደለ የብረት ሰዓት መምረጤም በምክንያት ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ባለ ሰው ክንድ ላይ የወርቅ ሰዓት ሲያበራ ያየ ባለጕዳይ በልቡ የሚያስበውን አንባቢ ያውቀዋል። ሰውየው በላቡ ገዝቶት ቢሆን እንኳ፥ ለእያንዳንዱ ባለጕዳይ ደረሰኝ ሊያሳይ አይችልም። የዚያ ዘመን የብረት ሰዓት ግን ስፋቱ 35 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ከእጅጌ ሥር ይገባል፤ የሚያውቀው ያውቀዋል፥ የማያውቀውም ሳያየው ያልፋል። ለዘወትር የሚሆን የከበረ ዕቃ እንዲህ ዝም የሚል ሲሆን መልካም ነው።

አሳቤን በቤት በገለጥሁ ጊዜ ባለቤቴ አልወደደችውም። የተባለውን ዋጋ ሰምታ፦ «በዚህ ገንዘብ አንዲት ጥሩ የወተት ላም ይገኛል። ላም ወተት ትሰጣለች፤ ሰዓት ግን ዘይት ይጠይቃል» አለች። ንግግሩ እውነት ስለ ነበረ በፌዝ ልመልሰው አልቻልሁም። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት ወደ ቤታችን ስንት የባትሪ ሰዓት እንደ ገባ አብረን ቈጠርን፤ አምስት ሆነ። ከአምስቱም አንዱ እንኳ አልተበጀም፤ ሁሉም ቆሙ፥ ተጣሉም። እርስዋም፦ «እንግዲያስ ከአምስት ሟች አንድ ነዋሪ ይሻላል፤ ነገር ግን ከልጆቹ የትምህርት ገንዘብ አንዳች እንዳይነካ» ብላ ወሰነች። ስለዚህ ለዚህ ነገር ብቻ ከሁለት ዓመት በላይ ገንዘብ ለየብቻ አጠራቀምን።

ሰዓቱ የተገኘው ባለቤታቸው በመንግሥት ሥራ ላይ የነበሩ ከሞቱባቸው አንዲት አሮጊት እመቤት ዘንድ ነው። ሟቹ ሰዓቱን ብዙ ዘመን አስረውት ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ግን እመቤቲቱ ከዕጣን ጋራ በሣጥን ቈልፈው ሃያ ዓመት አኑረውታል። እኔና ባለቤቴ አብረን ሄድን። የጠየቁትም ዋጋ ላም የሚገዛ ሳይሆን ጊደር የሚገዛ፥ ይኸውም ከሚገባው ግማሽ ነበረ።

አንባቢ በዚህ ስፍራ እንዲያስብ እለምናለሁ። የሚሸጠው ሰው የዕቃውን ዋጋ ሳያውቅ፥ የሚገዛው ሰው ግን ሲያውቅ፥ ዝም ብሎ መክፈል ሕግ አያስከስስም። ብዙ ሰውም ይህን ዕድል ብሎ ይጠራዋል። እኔም ነገሩን በልቤ ሳወጣና ሳወርድ፥ ባለቤቴ ወደ በረንዳ ጠርታኝ፦ «የሚገባው ዋጋ ስንት ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። ይህች ስለ ላም የተከራከረችኝ ሴት፦ «እንግዲያስ የሚገባው ይከፈል። የሟችን ንብረት በግማሽ ዋጋ ገዝተን በክንድ ብናስረው በየሰዓቱ ይከሰናል» አለችኝ። ተመልሰንም ነገሩን ለእመቤቲቱ ገለጥንላቸው።

እርሳቸው ግን ተቈጡ። «ልጆቼ፥ እኔ ምጽዋት አልጠየቅሁም» አሉን። ምጽዋት አለ መሆኑን፥ በውጭ አገር ይህን የመሰለ ሰዓት በስንት እንደሚሸጥ፥ በከተማችንም ያሉ ሰዓት ሠሪዎች በስንት እንደሚገምቱት ብናስረዳቸው፥ የወንድማቸውን ልጅ አስጠርተው ሦስት ቀን አስጠየቁ። ነገሩ እንደ ተባለው ሆኖ በተገኘ ጊዜ ሙሉውን ዋጋ ተቀበሉ። ሰዓቱንም ሲሰጡን፦ «እኔ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ሃያ ዓመት ቈለፍሁበት፤ ቆሞም አየሁት። እናንተ ግን አትቈልፉበት» አሉን። ይህ ቃል ከሰዓቱ ጋራ የተሸጠ ውል መስሎ ይሰማኛል።

ከዚያ ወደ ሰዓት ሠሪው ወሰድሁት። እኒህ ሽማግሌ ጀርባውን ከፍተው በዓይን መስተዋታቸው ብዙ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፦ «ጌታዬ፥ ይህ ሰዓት አልተሰበረም፤ ተጠምቶ ነው እንጂ» አሉኝ። ዘይቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኖአል፤ ውሃ እንዳያስገባ ከጀርባው ሥር የተደረገውም ጎማ ቀልጦ እንደ ዝፍት ተጣብቆአል። ተቀምጦ የኖረ ሰዓት እንዲህ ሳለ በድንገት ሞልተው ቢያስኬዱት፥ ብረት ከብረት ጋራ ያለ ዘይት ይፋተጋልና ዘንጎቹ ይበላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍል ፈትተው አጠቡ፤ አደረቁ፤ ለፈጣኑ መንኰራኵር ቀጭን ዘይት፥ ለዝግተኛውም ወፍራም ዘይት በመርፌ ጫፍ እየነኩ ሰጡት፤ ሞላውንና ጎማውን በአዲስ ለወጡ።

ቀፎውን እንደ አዲስ ላብራው፥ ገጹንም ላስቀባው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፥ ሁለቱም ይቅር አልሁ። ብረት በተሞረደ ቍጥር ይሳሳል፤ የመጀመሪያው ሠራተኛ ያወጣለት ስል ጠርዝም ይደበዝዛል፤ ያም አንድ ጊዜ ከሄደ አይመለስም። ገጹም በጊዜ ብዛት ጥቂት ወይቦአል፤ ዳሩ ግን ፊደሉ የጥንቱ ነው። ሽበትን በቀለም ከመሸፈን ተከብሮ መታየት እንደሚሻል ሁሉ፥ ይህም እንዲሁ ነው። መስተዋቱ ግን ከብርጭቆ ሳይሆን ከፕላስቲክ የተሠራ ስለ ሆነ ጭረቱ በቀላሉ ጠፋለት።

ይህን መንገድ ሊከተል ለሚወድ ሰው የሚጠቅሙትን ነገሮች በተራ እጽፋለሁ።

1ኛ፤ ዋጋ ከመክፈል አስቀድሞ የሰዓቱ ጀርባ በዐዋቂ እጅ ተከፍቶ ይታይ። የአንዱን ሰዓት መኪና ከሌላው ቀፎ ጋራ ገጥሞ የሚሸጥ ብዙ ነውና፥ በላይ የተጻፈው ስምና በውስጥ የተቀረጸው ስም አንድ መሆኑ ይመርመር። አልከፍትም የሚል ሻጭ ቢኖር ሰላምታ ሰጥቶ መሄድ ነው።

2ኛ፤ የገጹ ፊደል በማጉያ መስተዋት ይታይ። ፊደሉ የተጣመመ፥ መስመሩም ወፍራምና ቀጭን የሆነ እንደ ሆነ ገጹ በኋላ ጊዜ የተቀባ ነው። ይህ ሰዓቱን ከመሄድ አይከለክለውም፤ ዋጋውን ግን ሊቀንሰው ይገባል።

3ኛ፤ ወርቅ ነው የተባለ ሰዓት ምልክቱ ይፈለግ። ባለ 18 ካራቱ ከመቶ 75 እጅ፥ ባለ 14 ካራቱ ከመቶ 58.5 እጅ ወርቅ ነው። እስከ 1995 በስዊስ አገር ለባለ 18ቱ የሴት ራስ፥ ለባለ 14ቱ የሽኮኮ ምስል ይታተም ነበር። ምልክት የሌለበት በወርቅ የተለበጠ ብቻ ሊሆን ይችላል።

4ኛ፤ በጨለማ እንዲያበራ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሰዓት በጥንቃቄ ይያዝ። እስከ 1960ዎቹ ዓመታት ድረስ በብዙ ሰዓቶች ላይ የሚቀባው ራዲየም የተባለው ነገር ነበር፤ ብርሃኑ ቢጠፋ እንኳ ጨረሩ አይጠፋም፥ ኀይሉ በግማሽ እስኪጐድል 1,600 ዓመት ያህል ይፈጃልና። ቀለሙን የሚቀቡ የአሜሪካ ሴቶች ልጆች ቡርሹን በከንፈራቸው ሲያሾሉ በዚሁ ታመው ብዙዎቹ እንደ ሞቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰዓት በቤት መክፈት፥ ቀለሙንም መፋቅ፥ ለልጅ መጫወቻ መስጠትም አይገባም። ለዘወትርም እንዲህ ያለ ቀለም የሌለበት ይመረጣል።

5ኛ፤ ከሰዓቱ ጋራ የሚነገረው ታሪክ ያለ ማስረጃ እንዳይገዛ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ለሹማምንትና ለእንግዶች ሰዓት ይሸልሙ እንደ ነበር የታወቀ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ብዙ ሻጭ «የጃንሆይ ሽልማት ነው» ይላል። ዘውድና ፊደል ማስቀረጽ ለማንም ቀራጭ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ደብዳቤ፥ ፎቶግራፍ፥ የተሸላሚው ስም ካልተገኘ በቀር ታሪኩን በነጻ ይስሙት፥ ሰዓቱንም በሰዓትነቱ ብቻ ይግዙት።

6ኛ፤ ከዋጋው በተጨማሪ ለማሠሪያ የሚሆን ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን ይለይ። በየቀኑ የሚታሰር ሰዓት በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል መታጠብና ዘይት ማግኘት ይገባዋል። ገዝቶ ማሠሪያ ማጣት፥ በቅሎ ገዝቶ ገብስ እንደ ማጣት ነው።

ለዘወትር አያያዙም ጥቂት ልማድ ያስፈልጋል። ውሃ አያስገባም ተብሎ በጀርባው ቢጻፍ እንኳ፥ ስድሳ ዓመት ያለፈው ቀፎ የተጻፈበትን አይፈጽምምና ከውሃ መለየት ነው። ስለዚህ ምግብ ከመቅረቡ በፊት እጅ ሲታጠቡ ፈትቶ ማኖር፥ ለጥምቀት በዓልም ጠበሉ ሲረጭ በቤት መተው ይገባል። በክረምት ማሰሪያው ቈዳ ቢርስ በጥላ ማድረቅ እንጂ በእሳት አጠገብ ማድረቅ አይገባም። ማግኔት ያለበት ነገር፥ ይኸውም የድምፅ ማጉያ፥ የስልክ መሸፈኛ፥ የቦርሳ መቈለፊያ፥ ውስጡ ያለውን ቀጭን ሞላ እርስ በርሱ እያጣበቀ ሰዓቱን ያስቸኵለዋል፤ እንዲህ ያለ ቢደርስ ግን ሰዓት ሠሪው በጥቂት ጊዜ ያድነዋል። እንጨት ሲፈልጡ፥ ሚስማርም ሲመቱ ማሰር አይገባም። ከዚህ በቀር ያለውን ሁሉ ይችላል፤ ቢሮ ይገባል፥ ለቅሶ ይደርሳል፥ በአውቶቡስ ይጋፋል።

ስለ ሰዓት ሠሪዎቹም ሳልናገር ላልፍ አልወድም። እነዚህ ባለ ሙያዎች ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባ በፒያሳ ከወርቅ ሠሪዎቹ አጠገብ ሲሠሩ ኖረዋል። በ2024 የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ እኔ የማውቃቸው ሽማግሌ ጠረጴዛቸውንና የመሣሪያ ሣጥናቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ፤ የቀድሞ ደንበኞቻቸውም የደረሱበትን እየጠየቁ ይፈልጉአቸዋል። ልጃቸው ስልክ ይጠግናል፤ የእጅ ሰዓትን ሥራ ሊማር አልወደደም፥ ገቢው ጥቂት ነውና። ሽማግሌው ሲነግሩኝ በቃላቸው ኀዘን አልነበረበትም። «ሥራ ካለ ተማሪ ይገኛል፤ ሥራ ከሌለ ግን ማንን አስተምራለሁ?» ብቻ አሉ። እውነት ነው። የተቈለፈ ሰዓት ሰዓት ሠሪን አይመግብም። አሮጌ ሰዓቶቻቸውን ከሣጥን አውጥተው የሚያሠሩ ቤተ ሰቦች ቢበዙ፥ አንድ ወጣት ይህን ጥበብ ለመማር ምክንያት ያገኛል። ባይበዙ ግን ዛሬ በእጃችን ያሉት ሰዓቶች ሁሉ፥ የሚከፍታቸው ሰው የማይገኝበት ቀን ይመጣል፤ በዚያን ቀን ወርቁ ይመዘናል፥ መኪናው ይጣላል።

የእኔ ሰዓት ከታደሰ ወዲህ በቀን ስምንት ሰከንድ ያህል ይቀድማል፤ በሳምንትም ወደ አንድ ደቂቃ ይጠጋል። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ መሙያውን ስባ በሬዲዮ ድምፅ ታስተካክለዋለች፤ ይህ ሥራ የእርስዋ ድርሻ ሆኖአል። በዚሁም ምክንያት ሁለቱን የሰዓት አቈጣጠር ማንም ሳያስገድዳት ተማረች። አንድ ቀንም፦ «አባባ፥ ማስተካከል የማያስፈልገው ሰዓት እያለ ይህን ስለ ምን ገዛህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እናትዋ ቀድማ፦ «አንቺም በየቀኑ ማበጠርና ማጠብ ታስፈልጊያለሽ፤ አልጣልንሽም» ብላ መለሰችላት። ከዚህ የተሻለ መልስ ስለሌለኝ አልጨመርሁበትም።

ስለ ላሚቱም ባለቤቴ አልረሳችም፤ ገንዘቡን እንደ ገና ማጠራቀም ጀምረናል።

እንግዲህ ወገኖቼ፥ በየቤታችሁ የአባት ወይም የአያት ሰዓት ተቈልፎ እንደ ሆነ ሣጥኑን ክፈቱ። ሳትሞሉ ወደ ሰዓት ሠሪ ውሰዱት፤ ተጠምቶ እንደ ሆነ ይጠጣ፤ ከዚያ በኋላ በክንዳችሁ እሰሩት። የሌላችሁና ልትገዙ የምትወዱም፥ ያለ ችኰላ ፈልጉ፥ ዐዋቂ ጠይቁ፥ ለሻጩም የሚገባውን ክፈሉ። ሰዓቱን ካሰራችሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ግዴታ ይሆንባችኋል፤ ለባለጕዳይ ሦስት ሰዓት ያላችሁት ሦስት ሰዓት ይሁን። የከበረ ሰዓት አስሮ በቀጠሮ የማይገኝ ሰው፥ መኪናው ያማረ ቈጣሪው ግን የወለቀ ሰዓትን ይመስላል። እግዚአብሔር ሰዓታችንን የምንሠራበት ዕድሜና ጤና ይስጠን።